የ«ፍሬቻ» ታሪክ፦ ስለ አንድ የመኪና ዕቃ ስያሜና ስለ ጥገና መጻሕፍት ትርጉም

የአንድ ቃል ታሪክ በብዙው የዕቃው ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ዕቃው ሲለወጥ ስሙ አንዳንድ ጊዜ አብሮ ይለወጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ዕቃው ጠፍቶ በሌላ ሲተካ የቀድሞው ስም በቦታው ጸንቶ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «ፍሬቻ» የተባለው ቃል ከዚህ ከኋለኛው ወገን የሚቆጠር ነው። ቃሉን የመረጥንበት ምክንያት ግን የታሪኩ ጣዕም ብቻ አይደለም። የአሮጌ መኪና ጥገና መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «ፍሬቻው ሲጠነክር ፍሬቻውን ፈትቶ ፍሬቻውን ማጽዳት፣ ፍሬቻውን ግን አለመንካት» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ሰዋስዉ አይነቀፍም፤ ምንባቡን ይዞ መኪናው ሥር የሚገባው ሰው ግን የትኛውን ፈትቶ የትኛውን እንዲተው አያውቅም። ጉዳዩ እንግዲህ የቃል ብቻ ሳይሆን የሥራም ነው።

ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችን ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሰጠቱን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

በመጀመሪያዎቹ የመኪና ዓመታት ነጂው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መታጠፉን ለሌላው የሚያስታውቀው በእጁ ነበር። መኪናው ጣራና መስተዋት ለብሶ ሲዘጋ፣ የሌሊት ጉዞም ሲበዛ፣ እጅን አውጥቶ ማሳየቱ አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ የሰውን ክንድ የሚተካ ሰው ሠራሽ ክንድ ተፈለገ። የጀርመኑ ቦሽ ድርጅት በ1928 «ቪንከር» የተባለውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ቃሉ የወጣው እጅን እያወዛወዙ ምልክት መስጠትን ከሚያመለክተው የጀርመንኛ ግሥ ነው። መሣሪያው በመኪናው ጎን ውስጥ ተኝቶ የሚውል ትንሽ ክንድ ሲሆን፣ ነጂው ማብሪያውን ባዞረ ጊዜ በኤሌክትሪክ ማግኔት ተስቦ ከጎኑ ብቅ ይላል፤ በውስጡ ያለው አምፖልም ያበራዋል። ቅርጹ ቀጥ ብሎ የሚያመለክት ቀስት ይመስላል።

ይህ ክንድ ዕድሜው አጭር አልነበረም። ቮልስዋገን ለአውሮፓ ገበያ በሚሠራቸው ትንንሽ መኪናዎቹ ላይ እስከ 1960 ድረስ፣ የእንግሊዙ ሞሪስ ማይነር ደግሞ እስከ 1961 ድረስ ይዞት ቆይቷል። በአሜሪካ ግን ቢዩክ በ1939 ዓመት ሞዴሎቹ ላይ ከኋላ ብልጭ ድርግም የሚሉ የመታጠፊያ መብራቶችን አደረገ፤ በ1940 ደግሞ ከፊትም ጨምሮ፣ መሪው ወደ ቦታው ሲመለስ ምልክቱን በራሱ የሚያጠፋ ዘዴ አከለበት። ይህ በራሱ የመመለስ ዘዴ ከዚህ በታች ስለ እጀታው መጠንከር ስናነሣ ዋና ነገራችን ይሆናል።

ዕቃው ከክንድ ወደ መብራት ሲለወጥ ቋንቋዎች የተለያየ መንገድ ተከተሉ። ጀርመንኛ «ቪንከር» የሚለውን ትቶ «ብሊንከር»፣ ማለትም ብልጭ ድርግም የሚል፣ ወደሚለው ተሻገረ። ፈረንሳይኛም በተመሳሳይ ሐሳብ «ክሊኞታን» አለው። ኢጣሊያንኛ ግን በደንብና በሕግ ጽሑፎች «አቅጣጫ አመልካች» የሚል ሐረግ ቢኖረውም፣ በሕዝቡ አፍ እስከ ዛሬ ድረስ «ፍሬቻ»፣ ማለትም «ፍላጻ»፣ እንዳለው ቀርቷል። በመኪናው ጎን ፍላጻ የሚመስል ነገር ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ስሙ ግን አለ። በእስራኤልም እንዲሁ የጀርመንኛው «ቪንከር» በነጂዎች አንደበት ይሰማል፤ ደንበኛው የዕብራይስጥ ቃል ግን «ምልክት» ከሚለው ሥር የተገኘ ነው። በዚያ አገር የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ እንግዲህ ሁለት የጠፉ ክንዶችን በስማቸው ያውቃል ማለት ነው፤ አንዱን በዕብራይስጥ ንግግር በኩል፣ ሌላውን በእናቱ ቋንቋ በኩል።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም የመኪናን ዕቃዎች በብዛት በስማቸው ያስጠራን ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ጊዜ መንገድ ሲሠራ፣ የጭነት መኪናም ሲበዛ፣ ኢጣሊያንኛ የጋራዥ ቋንቋ ሆነ። ከነፃነት በኋላም በአዲስ አበባና በአስመራ የቀሩ ኢጣሊያውያን መካኒኮች ስለነበሩ፣ ከእነርሱ ሥር ሙያ የተማረው ወጣት ዕቃውን ከነስሙ ተቀበለ። «ፍሬቻ» ክንዱ ገና በመኪና ጎን በነበረበት ጊዜም ይምጣ፣ መብራቱ ክንዱን ከተካ በኋላም ይምጣ፣ የስሙ መነሻ ያው ክንዱ ነው። ብልጭ ድርግም የሚል መብራትን ብቻ ያየ ሰው ፍላጻ ብሎ ሊሰይመው ምክንያት የለውምና።

በዚህ አጋጣሚ ጎረቤቶቹንም መመልከት ይጠቅማል። በኢጣሊያንኛ «ካንዴላ» ሻማ ነው፤ «ኩሽኔታ» ትንሽ ትራስ ነው፤ «ከመነዳሪ» የአየር ክፍል ማለት ነው፤ «ስፖኪዮ» መስተዋት ነው። «ባሌስትራ» ደግሞ በጥንት ጦር ሜዳ ፍላጻ የሚወረወርበት መሣሪያ ስም ነው። እንዲህ ከሆነ በመኪናው ሥር ማስፈንጠሪያው፣ በጎኑ ደግሞ ፍላጻው ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። ኢጣሊያዊው ይህን ዝምድና ቢያስብበት ይደርስበታል፤ የእኛ ጋራዥ ግን ቃላቱን የተቀበለው ከምሳሌያቸው ተላቀው ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ካንዴላ ሻማን አያስታውሰውም፤ ባሌስትራም ጦርነትን አያስታውሰውም። ለሙያ ስያሜ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው፤ ቃሉ ሌላ ትርጉም ስለሌለው ዕቃውን ብቻ ይጠራል።

«ፍሬቻ» ግን ከጓደኞቹ በአንድ ነገር ይለያል። ካንዴላ ምንጊዜም ካንዴላ ነው፤ ፍሬቻ ግን በአማርኛ ውስጥ ሰፍቷል። በመኪናው ማዕዘን ላይ ያለው መብራት ፍሬቻ ነው፤ ከመሪው በስተግራ ብቅ ያለው እጀታ ፍሬቻ ነው፤ እጀታው የሚያንቀሳቅሰው ማብሪያ ፍሬቻ ነው፤ ብልጭ ድርግም የሚያሰኘው ትንሽ ሣጥን ፍሬቻ ነው፤ የሚሰጠው ምልክትም ራሱ ፍሬቻ ነው። ከዚህም አልፎ ቃሉ ከመኪና ወጥቷል። ንግግሩና ሥራው ያልተገጣጠመን ሰው «ግራ ፍሬቻ አሳይቶ ወደ ቀኝ ታጠፈ» ማለት የተለመደ ነው።

ይህን ሁሉ ያየ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የጋራዡ አማርኛ የተምታታ ነው ብሎ ሊፈርድ ይቃጣው ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ ያለው ፍርድ የችኮላ ነው እንላለን። ባለሙያው ስሙን አንድ ቢያደርገውም ግሡን አንድ አያደርገውም። «ፍሬቻው ተቃጠለ» ሲባል አምፖሉ ነው። «ፍሬቻው አልመልስ አለ» ሲባል መሪው ወደ ቦታው ሲመለስ ምልክቱን የሚያጠፋው ክፍል ነው። «ፍሬቻው ድርግም አይልም፣ በርቶ ይቀራል» ሲባል ሣጥኑ ነው። «ፍሬቻው ላላ» ወይም «ፍሬቻው ደረቀ» ሲባል እጀታው ነው። «ፍሬቻ አሳየ» ሲባል ደግሞ ዕቃው ሳይሆን ምልክቱ ነው። ስለዚህ የጋራዡ አማርኛ በስም ድኻ፣ በግሥ ግን ባለጸጋ ነው። ተርጓሚ ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ስም ነው፤ ሀብቱን በሌለበት ቦታ ፈልጎ አጣሁ ይላል።

ይህን በተጨባጭ ለማሳየት አንድ የታወቀ ችግር እንውሰድ፤ ይኸውም በአሮጌ መኪና ላይ የፍሬቻ እጀታ መጠንከር ነው። ለምሳሌ የሚሆነን በተለምዶ «ቮልስ» የምንለው ትንሹ ቮልስዋገን ነው። ይህ መኪና በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻው እስኪወጣ ድረስ 21,529,464 ያህል የተሠራ ሲሆን፣ በአገራችንም ብዙ ባለቤቶችን ያገለገለ፣ እስከ ዛሬም እየተጠገነ የሚነዳ ነው።

እጀታው ሲጠነክር የእንግሊዝኛው የጥገና መጽሐፍ «ስቲፍ» በሚል አንድ ቅጽል ያልፈዋል። መካኒኩ ግን ቢያንስ ሦስት ነገር ሊል ይችላል። «ደርቋል» ካለ፣ ከብዙ ዓመት በፊት የተቀባው ግራሶ ዘይቱን አጥቶ፣ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሙጫ ሆኗል ማለት ነው። «ይይዛል» ካለ፣ አንድ ክፍል ከሌላው ጋር ይፋተጋል ማለት ነው፤ ለምሳሌ የመሪው እምብርት ወደ ማብሪያው ከመጠን በላይ ቀርቦ ሊሆን ይችላል። «ከሯል» ካለ ደግሞ አንድ ብሎን ከልክ በላይ ጠብቋል ማለት ነው። ሦስቱ ግሦች ሦስት ምክንያቶችን ያመለክታሉ፤ ሦስቱም ሦስት ልዩ ልዩ ጥገና ይጠይቃሉ። የአንዱን መፍትሔ ለሌላው መስጠት ጉዳት ያስከትላል። የሚይዘውን ግራሶ ቢቀቡት አይለቅም፤ የደረቀውንም በኃይል ቢገፉት እጀታው ከሥሩ ይሰበራል።

ምክንያቱን ለመለየት ሥራው የሚጀመረው የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ በመንቀል ነው፤ የክላክሱ ሽቦ በመሪው በኩል ያልፋልና። ከዚያም በመሪው መካከል ያለው የክላክስ ክዳን ይነሣል፤ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ተደርጎ መሪውና ዘንጉ የሚገናኙበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል፤ ዳዶው ተፈትቶ መሪው ይወጣል። በዚህ ጊዜ እጀታውን ወደ ላይና ወደ ታች መሞከር ያስፈልጋል። መሪው በወጣ ጊዜ እጀታው ከለሰለሰ፣ ጥፋቱ በመሪውና በማብሪያው መካከል ባለው ክፍተት ወይም በሚመልሰው ክፍል ላይ ነው። መሪው ወጥቶም እንደ ጠነከረ ከቀረ ግን ጥፋቱ በማብሪያው ውስጥ ነው። ይህ ቀላል ፈተና ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ ብዙ ጊዜ ደህና የነበረ ማብሪያ ተጥሎ አዲስ የሚገዛው ይህ ስለማይደረግ ነው።

ማብሪያው የደረቀ እንደሆነ አሮጌው ግራሶ ፕላስቲክ በማይጎዳ ማጽጃ ይነሣል። ቤንዚን ለዚህ አይሆንም፤ ያረጀውን ፕላስቲክ ሊጎዳ፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ከዚያ በኋላ እጀታው በሚዞርበት እንብርትና በሚያርፍባቸው ጎድጓዶች ላይ ለፕላስቲክ የሚስማማ ቀጭን ግራሶ በጥቂቱ ይቀባል፤ ኤሌክትሪክ በሚያልፍባቸው የናስ ምላሶች ላይ ግን አይቀባም። በመጨረሻም መሪው ከመመለሱ በፊት እጀታው መካከል ላይ፣ ማለት ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዘነብል፣ መሆን አለበት። የቮልስዋገን የጥገና መምሪያ ይህን አጥብቆ ያሳስባል፤ እጀታው ወደ አንድ ወገን እንዳዘነበለ መሪው ከተገጠመ የሚመልሰው ጥርስ ሊሰበር ይችላልና።

ተርጓሚው ላይ የሚደርሰው ፈተና እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። የመጨረሻውን ማሳሰቢያ «መሪውን ከመግጠምህ በፊት ፍሬቻው መካከል ላይ መሆኑን አረጋግጥ» ብሎ ከተረጎመ፣ አንባቢው ፍሬቻ ሲባል መብራቱ ነው ብሎ «ጠፍቷል፣ ደህና ነው» ሊል ይችላል። ባትሪው ተነቅሎ ሳለ መብራቱ ምንጊዜም ጠፍቷል። ከዚያ መሪውን ይገጥማል፤ ጥርሱም ይሰበራል። መኪናው አሮጌ በመሆኑ ትክክለኛውን ምትክ ማግኘት ቀላል ላይሆን ይችላል። እጀታው አልመልስ ወይም አልንቀሳቀስ ያለበት ነጂ ደግሞ ውሎ አድሮ ምልክት ማሳየቱን ይተዋል፤ በመንገድ ላይ የሚከተለው ሰው ዕዳውን ይከፍላል። አንድ ያልተለየ ስም ይህን ያህል መንገድ ይሄዳል።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንዳንዶች «ፍሬቻ» ባዕድ ስለሆነ ይወገድና «አቅጣጫ ጠቋሚ» ይባል ይላሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ «ወዛደር» እና «ርዕዮተ ዓለም» የመሳሰሉ ቃላት ተፈጥረው እንደ ጸኑ እያነሡም ይከራከራሉ። ነገር ግን እነዚያ ቃላት የተፈጠሩት በጽሑፍ ለሚነገር ሐሳብ ነው፤ ከጽሑፍ ወደ ሕዝቡ ወረዱ። የጋራዥ ቃል ግን ከእጅ ወደ አፍ የወጣ ነው፤ በወረቀት የሚሻር አይደለም። ደግሞም «አቅጣጫ ጠቋሚ» ብንል ችግሩ ይለወጣል እንጂ አይወገድም፤ መብራቱም፣ እጀታውም፣ ምልክቱም ሁሉ አቅጣጫ ጠቋሚ ናቸውና። ጉድለቱ ቃሉ ባዕድ መሆኑ ሳይሆን በሥሩ ያሉት ክፍሎች ስም ማጣታቸው ነው።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ «ፍሬቻ» የጠቅላላው ሥርዓት ስም ሆኖ እንዲቆይ፣ ክፍሎቹ ግን ባለሙያው ከሚናገራቸው ግሦች በሚወጡ የአማርኛ ስሞች እንዲጠሩ ነው። ለውይይት እንዲሆኑ የሚከተሉትን እናቀርባለን።

የፍሬቻ እጀታ፦ ነጂው በጣቱ የሚያንቀሳቅሰው ክፍል። «ዘንግ» ቢባል የመሪው ዘንግ ከሚባለው ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ አልመረጥነውም።

የፍሬቻ ማብሪያ፦ በእጀታው ሥር ሆኖ ኤሌክትሪኩን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መብራት የሚልክ ክፍል።

ማረፊያ፦ እጀታው በግራ፣ በመካከልና በቀኝ የሚቆምባቸው ጎድጓዶች። ከ«ዐረፈ» የወጣ ነው።

መላሽ ጥርስ፦ መሪው ሲመለስ እጀታውን ገፍቶ ወደ መካከል የሚያመጣ ክፍል። «ፍሬቻው አልመልስ አለ» ከሚለው የባለሙያ ንግግር የተወሰደ ነው።

አብለጭላጭ፦ ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ መብራቱን ብልጭ ድርግም የሚያሰኝ ሣጥን። በአሮጌዎቹ መኪናዎች ውስጥ ይህ ሣጥን በሙቀት በሚታጠፍ የብረት ቅጠል ይሠራል፤ አንድ አምፖል ሲቃጠል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ስለሚያንስ ይዘገያል ወይም ይቆማል። በአዳዲሶቹ ግን ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ይፈጥናል። ተርጓሚ ይህን ልዩነት ሳያውቅ የአንዱን ምልክት ለሌላው እንዳይሰጥ ይጠንቀቅ።

የፍሬቻ አምፖል፦ የሚበራው ክፍል። ቃሉ የተለመደ ስለሆነ ለውጥ አያሻውም።

ከስሞቹ ጋር ግሦቹ አብረው መመዝገብ አለባቸው። በመዝገበ ቃላት ውስጥ «ፍሬቻ» የሚለው መግቢያ «የመኪና መብራት» ብሎ ቢያበቃ አንባቢውን ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል። ከሥሩ «አሳየ፣ ተቃጠለ፣ ላላ፣ ደረቀ፣ ያዘ፣ ከረረ፣ አልመልስ አለ» የሚሉት ከነአገባባቸው ሊሰፍሩ ይገባል። የቃሉ ትርጉም ያለው በእነዚህ ውስጥ ነውና። ለዚህም ቃል ሰብሳቢው ወደ ጋራዥ በሚሄድበት ጊዜ «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ መጠየቁ አይበቃም። ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ ለአምስት ዕቃ አንድ መልስ ያገኛል። «ይህ ሲበላሽ ምን ትላለህ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን አምስት መልስ ያገኛል፤ አምስቱም አማርኛ ናቸው።

ዕቃው ነገ ደግሞ ይለወጥ ይሆናል። በአዳዲስ መኪናዎች ውስጥ የምንሰማው የፍሬቻ ቀጭ ቀጭታ በብዙዎቹ ከአብለጭላጭ ሣጥን ሳይሆን ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ ነው። የእጀታውም ሥራ ወደ ቁልፍ የተዛወረባቸው አሉ። ፍላጻው ጠፍቶ ስሙ እንደ ቀረ፣ እጀታውም ጠፍቶ «መለሰ» የሚለው ግሥ ሊቀር ይችላል። መዝገበ ቃላታችን እነዚህን ንብርብሮች ሳይንድ፣ እያንዳንዱን በየቦታው እየሰየመ ቢይዝ፣ ዛሬ አሮጌ ቮልስ ለሚጠግነውም ሆነ ነገ የዛሬውን ጽሑፋችንን ለሚያነበው ይጠቅማል። በስያሜዎቹ ላይ ሌላ አስተያየት ያላቸው የሙያ ጓደኞቻችን፣ በተለይም በየክፍለ ሀገሩ ጋራዦች የሚነገሩ ሌሎች ግሦችን የሰበሰቡ፣ በዚሁ መጽሔት ገጾች ላይ እንዲያቀርቡ እንጠይቃለን።